የባድመ ውሳኔ፦ ይግባኝ የሌለው፣ አስፈጻሚም ያልነበረው

በሕግ በኩል የባድመ ጉዳይ ያለቀው ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽን በዚያን ዕለት በሙሉ ድምፅ የሰጠው ውሳኔ ይግባኝ የለውም፤ ሁለቱ መንግሥታት ገና ከመጀመሪያው "የመጨረሻና አስገዳጅ ይሆናል" ብለው ፈርመውበታል። መሬት ላይ ግን ከውሳኔው በኋላ ለ18 ዓመታት ያህል የባድመ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ፖሊሱም ጦሩም የኢትዮጵያ ሆኖ ቆየ። ባለመብቱ አንድ መንግሥት (ኤርትራ)፣ አስተዳዳሪው ሌላ መንግሥት። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት የመሪዎችን እልኸኝነት መጥቀስ ብቻ አይበቃም። ኮሚሽኑን ያቋቋመው የአልጀርስ ስምምነት የተገነባበትን መንገድ ክፍል በክፍል ማየት ያስፈልጋል፤ ችግሩ በአብዛኛው ያለው እዚያ ነውና።

መነሻው ሦስት የቅኝ ግዛት ዘመን ውሎች ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክና ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1900 የተፈራረሙት የመሐሉን ክፍል በመረብ፣ በበለሳና በሙና ወንዞች ያስኬዳል። የ1902ቱ የምዕራቡን ክፍል ያሻሽላል፤ ወሰኑ ሰቲትን ተከትሎ ማይተብ ከሚባለው ገባር ጋር እስከሚገናኝበት ይሄድና ከዚያ መረብና ማይ አምበሳ ወደሚገናኙበት ቦታ ይሻገራል፤ የኩናማ ሕዝብም በኤርትራ በኩል እንዲሆን ያዛል። የ1908ቱ ደግሞ በአፋር በኩል ወሰኑ ከባሕሩ ጠረፍ 60 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ከጠረፉ ጋር ጎን ለጎን እንዲሄድ ይላል። ሦስቱም ውሎች በወረቀት ቀሩ። ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው ወሰን ላይ ሁለቱ ወገኖች አብረው ወጥተው ምልክት አልተከሉም። ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር፣ ከዚያም ኤርትራ በፌዴሬሽን ኋላም በውህደት ከኢትዮጵያ ጋር ስትሆን፣ ወሰኑ የክፍለ ሀገር አስተዳደር ጉዳይ ሆነ። ኤርትራ በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ አድርጋ ነጻ መንግሥት ስትሆን ግን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1956 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ያጸናው መርህ ሥራ ላይ ዋለ፤ አገሮች ነጻ ሲወጡ የነበራቸውን ወሰን ያከብራሉ። በአስተዳደር ወሰንነት የኖረው መስመር በአንድ ጊዜ ዓለም አቀፍ ድንበር ሆነ። ያ መስመር መሬት ላይ የት እንደሚያልፍ ግን በስምምነት የተጻፈ ነገር አልነበረም። የጋራ ኮሚቴዎች ነበሩ፤ ፍሬ ሳያፈሩ ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ዓ.ም. በባድመ አካባቢ ተኩስ ተከፈተ። ግንቦት 4 የኤርትራ ጦር በታንክና በመድፍ ታግዞ ባድመን ያዘ። ከዚያ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ።

የምዕራቡን ክርክር በምናብ ማየት አስቸጋሪ አይደለም። ሁለቱም ወገኖች የሰሜኑን ጫፍ ይቀበሉታል፤ መረብና ማይ አምበሳ የሚገናኙበት ነው። የሚለያዩት በደቡብ፣ በሰቲት ወንዝ ላይ ነው። ኢትዮጵያ መስመሩ ሰቲትን የሚነካው በዛሬ ካርታ ማይተብ ከሚባለው ወንዝ ላይ፣ ማለትም ራቅ ብሎ ወደ ምዕራብ ነው አለች። ኤርትራ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ነው አለች። ሁለቱ መስመሮች ሰቲትን መሠረት ያደረገ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፤ ባድመ በውስጡ፣ ለምሥራቁ መስመር በጣም ተጠግታ ትገኛለች። ኮሚሽኑ የውሉን ቃል ብቻ ሳይሆን ተደራዳሪዎቹ ፊታቸው የነበረውን የጣሊያን ካርታ መረመረ። ዓላማውንም ተመለከተ፤ መስመሩ በምዕራቡ ማይተብ ቢያልፍ የኩናማ ምድር በከፊል ወደ ኢትዮጵያ ይገባል፣ ይህ ደግሞ ውሉ በግልጽ ካለው ጋር ይጋጫል። ስለዚህ መስመሩ ወደ ምሥራቅ፣ ሰቲትና ቶምሳ ከሚገናኙበት ተነሣ።

ከዚህ በኋላ ለኢትዮጵያ አንድ መንገድ ቀርቷት ነበር። ውሉ ሌላ ቢልም፣ ለረጅም ዘመን ሳይቋረጥ የተደረገና ተቃውሞ ያልገጠመው አስተዳደር መብትን ሊቀይር ይችላል። ኮሚሽኑ ይህን መርህ ራሱ በሌሎች ቦታዎች ተጠቅሞበታል፤ ዛላምበሳን ለኢትዮጵያ የሰጠው በዚሁ ነው። በባድመ በኩል የቀረበውን የግብር፣ የጥበቃ ጣቢያና የአስተዳደር ማስረጃ ግን ሲመዝን በሦስት መለኪያ ወድቆ አገኘው፤ ቦታው በትክክል አልተለየም፣ ስፋቱ በቂ አይደለም፣ የጊዜው ርዝመትም አያደርስም። እ.ኤ.አ. በ1935 የጸናውን የኤርትራ መብት ለመንቀል አይበቃም ሲል ደመደመ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ተገቢ ነው። በኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ሰው "ባድመን እኛ ስናስተዳድር አልነበረም ወይ?" ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄው አግባብ ነው። ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ግን ማን ያስተዳድር እንደነበር በጥቅሉ አይደለም፤ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው መንደር፣ በየትኛው ሰነድ የሚለውን ነው። የግብር ደረሰኝ የመንደሩ ስም ከሌለበት፣ መንደሩም በካርታ ላይ ነጥብ ከሌለው፣ በወሰን ክርክር ውስጥ ብዙ አይመዝንም።

በሌላ በኩል ጾረናና ፎርት ካዶርና የሚባሉት የመሐል ወሰን ቦታዎች ለኤርትራ የተወሰኑት ኢትዮጵያ በጽሑፍ ክርክሯ ራሷ አምና ስለነበር ነው። ይህ በአገር ውስጥ ብዙም አልተወራም። የወሰን ክርክር ውስጥ አንድ የጠበቃ አንቀጽ ከአንድ ክፍለ ጦር የበለጠ መሬት ሊያስረክብ ይችላል።

አምስቱ ኮሚሽነሮች ኤሊሁ ላውተርፓክት (ሰብሳቢ)፣ በኢትዮጵያ የተመረጡት ቦላ አጂቦላና አርተር ዋትስ፣ በኤርትራ የተመረጡት ማይክል ራይስማንና ስቲቨን ሽዌብል ነበሩ። የአልጀርስ ስምምነት አንቀጽ 4 ሥልጣናቸውን በሁለት በኩል አጥሮታል። የሚወስኑት በሦስቱ ውሎችና አግባብ ባለው ዓለም አቀፍ ሕግ ብቻ ነው፤ "ለሰላም ሲባል፣ ለነዋሪው ሲባል፣ እንዲህ ቢሆን ይሻላል" ብለው በርትዕ እንዲፈርዱ አልተፈቀደላቸውም። ይህን ክልከላ ሁለቱም መንግሥታት ፈልገውት ነው የገባው፤ ዳኛ እያስታረቀ መሬት እንዳይቆርስባቸው ፈርተው። ውሳኔው ከወጣ በኋላ ኢትዮጵያ "መንደር ለሁለት የሚከፍል፣ የሰውን ኑሮ ያላገናዘበ" ስትል ያቀረበችው ቅሬታ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ኮሚሽኑ ያን እንዲያገናዝብ ሥልጣን የነፈገው የራሷም ፊርማ ነው።

ውሳኔው የወጣ ዕለት አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። አዲስ አበባም አስመራም ድል አወጁ። የኢትዮጵያ መንግሥት ባድመ ለእኛ ተወሰነች ሲል መግለጫ ሰጠ። ይህ ሊሆን የቻለው ውሳኔው መስመሩን በነጥብና በመጋጠሚያ (በካርታ መለኪያ ቁጥር) ስለገለጸ፣ ባድመ ግን በመደምደሚያው ካርታ ላይ ምልክት ስላልተደረገባት ነው። ጦርነቱ በስሟ የተጠራባትን ከተማ በካርታው ላይ አለማስቀመጥ ለኮሚሽኑ ምናልባት ጥንቃቄ ነበር፤ ለሁለቱ መንግሥታት ግን ሕዝባቸውን ለመጥፎ ዜና ማዘጋጀት የነበረባቸውን የመጀመሪያ ወራት አባከነባቸው። ኮሚሽኑ መጋቢት 12 ቀን 1995 ዓ.ም. ባወጣው ማብራሪያ ባድመ በኤርትራ በኩል እንደምትወድቅ በማያሻማ መንገድ ሲናገር፣ በኢትዮጵያ ከአንድ ዓመት በፊት "አሸነፍን" የተባለው ሕዝብ ነው "ተሸነፍን" የሚለውን የሰማው። በመስከረም 8 ቀን 1996 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ደብዳቤ ጽፈው ውሳኔውን ሕገ ወጥ፣ ፍትሕ የጎደለውና ኃላፊነት የማይሰማው ብለው ሌላ አካል እንዲቋቋም ጠየቁ። የምልክት ተከላው ሥራ በዚያው ሰሞን ቆመ።

ወሰን መወሰንና ወሰን ማካለል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው ቢሮ ውስጥ ያልቃል። ሁለተኛው ቀያሾች፣ ፈንጂ አምካኞች፣ የአየር ፎቶግራፍ፣ የአገናኝ መኮንኖችና የሁለቱም ወገን ፈቃድ ይጠይቃል። ኮሚሽኑ በአዲስ አበባ፣ በአስመራና በአዲግራት የመስክ ቢሮ ከፍቶ ነበር። ለቀያሾቹ ባወጣው መመሪያ ግን አንድ ጠባብ በር ነበር፤ መስመሩ ከተማ ወይም መንደር ለሁለት ቢከፍል ቀያሹ በራሱ መስመሩን ማንቀሳቀስ አይችልም፤ የሚንቀሳቀሰው ሁለቱም መንግሥታት አንድ ላይ በግልጽ ሲጠይቁ ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ስልክ እንኳ በማይነሳበት ዘመን የጋራ ጥያቄ ከየት ይመጣል? ኤርትራ "መጀመሪያ ውሳኔው ይፈጸም፣ ከዚያ እንነጋገር" አለች። ኢትዮጵያ "መጀመሪያ እንነጋገር፣ ከዚያ እንፈጽም" አለች። ኅዳር 16 ቀን 1997 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአምስት ነጥብ ዕቅድ ውሳኔውን "በመርህ ደረጃ" ተቀበልኩ ስትል፣ ጭቅጭቁ ሁሉ ያለው በዚያ "በመርህ ደረጃ" በሚለው ሐረግ ላይ ነበር። ለቅደም ተከተሉ መልስ የሚሰጥ አንቀጽ በአልጀርሱ ስምምነት ውስጥ የለም።

ለነዋሪው የተጻፈው አንድ አንቀጽ ነው፤ አንቀጽ 4 ንዑስ 16። የወሰን ውሳኔው ውጤት አስቀድሞ ስለማይታወቅ፣ የግዛት ርክክብ ሲኖር በነዋሪዎች ላይ የሚመጣውን ችግር በመፍታት የተባበሩት መንግሥታት እንዲረዳ ሁለቱ ወገኖች ይጠይቃሉ ይላል። ያለው ይኸው ነው። ዜግነቱን የሚመርጠው በስንት ጊዜ ውስጥ ነው? ማሳው ከመስመሩ ወዲያ የሆነ ገበሬ አርሶ ይመለሳል ወይ? የውሃ ጉድጓዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑና መቃብሩስ? የኢሮብ ሕዝብ ጉዳይ ይህን በደንብ ያሳያል። በእንደሊ በኩል ያለው መስመር ይህን አነስተኛ ሕዝብ ለሁለት ይከፍለዋል፤ የኢሮብ ሰዎች ይህን ገና ከጅምሩ ሲናገሩ ኖረዋል፣ ኢሕአዴግ በ2010 ዓ.ም. ውሳኔውን ሲቀበልም የተቃውሞ ሰልፍ ወጥተዋል። በአንጻሩ በአሰብ መንገድ ላይ ባለችው ቡሬ ኮሚሽኑ ነገሩን በቀላሉ ፈታው፤ በመንገዱ ላይ የሁለቱ አገሮች የፍተሻ ኬላዎች ስለነበሩ ወሰኑ ከሁለቱ እኩል ርቀት ላይ ያልፋል አለ። ይህ መፍትሔ የተገኘው ሁለቱም ወገኖች ኬላ ሲያቆሙ አንዱ የሌላውን ስለተቀበለ ብቻ ነው።

ሕጉ ያለ ኃይል ሲቀር ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ ደምበ መንጉል የምትባለውን ትንሽ ሰፈር መጥቀስ ይቻላል። ውሳኔው ከወጣ በኋላ ከኢትዮጵያ በኩል የመጡ ሰዎች በኤርትራ ክልል ውስጥ እንደሰፈሩ ኮሚሽኑ አረጋገጠና ሐምሌ 10 ቀን 1994 ዓ.ም. ኢትዮጵያ እንድትመልሳቸው አዘዘ። ትእዛዙ አልተፈጸመም። አስፈጻሚ አልነበረውም፤ ኮሚሽኑ ለጸጥታው ምክር ቤት ሪፖርት ከማድረግ ያለፈ ሌላ መሣሪያ በእጁ አልነበረም።

ግን የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ኃይል ነበር አይደለም? ነበር፤ እስከ 4,200 ወታደር የተፈቀደለት። የቆመው ግን ለዚህ አልነበረም። ሰኔ 11 ቀን 1992 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ የተፈረመው የተኩስ ማቆም ስምምነት፣ የኢትዮጵያ ጦር ከጥር 29 ቀን 1991 ዓ.ም. በኋላ ከያዛቸውና ከግጭቱ በፊት ከማያስተዳድራቸው ቦታዎች እንዲወጣ፣ የኤርትራ ጦር ደግሞ ከዚያ መስመር 25 ኪሎ ሜትር እንዲርቅ ያዛል። 25 የሆነበት ምክንያት በስምምነቱ ራሱ ተጽፏል፤ መድፍ የሚደርስበት ርቀት ነው። ስለዚህ ሰላም አስከባሪው የቆመበት ጊዜያዊ የጸጥታ ቀጣና በሙሉ የተሠራው በኤርትራ በኩል ነው። ይህ በ1992 ዓ.ም. የጦር ሜዳው ውጤት ነጸብራቅ ነው፤ ኢትዮጵያ በዚያ ዓመት በግንቦት የከፈተችው ማጥቃት የኤርትራን መከላከያ ሰብሮ ነበር። ውጤቱ ግን የተጠማዘዘ ነው። ሰላም አስከባሪው የተቀመጠው ውሳኔውን ባልተቃወመው ወገን መሬት ላይ፣ ያን ወገን ከገዛ ግዛቱ እያራቀ ነው። ባድመ ላይ አልቆመም።

የዋስትናው አንቀጽም እንዲሁ። በተኩስ ማቆም ስምምነቱ አንቀጽ 14 የአፍሪካ አንድነት ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት ዋስ ይሆናሉ፤ ስምምነቱን የሚጥስ ቢኖር የጸጥታው ምክር ቤት በቻርተሩ ምዕራፍ ሰባት መሠረት እርምጃ ሊወስድ ይችላል ይላል። አንባቢው ልብ ይበል፤ ዋስ የተገባለት ጦርነት ላለመክፈት የተገባው ቃል ነው። መሬት ለማስረከብ የሚገባው ግዴታ በሌላ ሰነድ፣ ከስድስት ወር በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በተፈረመው ውስጥ ነው ያለው፤ እዚያ ደግሞ በምዕራፍ ሰባት የተደገፈ ዋስ የለም። ኢትዮጵያ ይህን ክፍተት በደንብ አንብባዋለች። አልተኮሰችም፣ አላስረከበችምም። ከጸጥታ አንጻር ብልህ ስሌት ነበር ቢባል ስሕተት አይደለም፤ ከሕግ አንጻር ግን የራስን ፊርማ መብላት ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ መናገር ይቻላል።

ኤርትራ ውሳኔው በተግባር እንደማይፈጸም ስታይ ንዴቷን ያወጣችው በእጇ ባለው፣ ማለትም በሰላም አስከባሪው ላይ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የሄሊኮፕተር በረራ ከለከለች። በኅዳርና በታኅሣሥ የአሜሪካ፣ የአውሮፓ፣ የካናዳና የሩሲያ ሠራተኞች እንዲወጡ አዘዘች። ቀጥሎ ነዳጅ አቋረጠች። ያለ ነዳጅ ጣቢያ መጎብኘት፣ ያለ ሄሊኮፕተር የቆሰለ ማውጣት አይቻልም፤ ሐምሌ 23 ቀን 2000 ዓ.ም. የጸጥታው ምክር ቤት ተልዕኮውን ዘጋው። አስተናጋጁ መንግሥት ሲፈልግ ሊያንቀው የሚችል ኃይል ዋስ ሊሆን እንደማይችል እዚያ ታየ።

በዚህ መካከል ከዚያው ከአልጀርስ ስምምነት የተወለደው ሁለተኛው አካል፣ የካሳ ኮሚሽኑ፣ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ የሚያምታታውን ብይን ሰጠ። ታኅሣሥ 10 ቀን 1998 ዓ.ም. ኤርትራ ግንቦት 4 ቀን 1990 ዓ.ም. ባደረገችው ጥቃት የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር አንቀጽ 2 ንዑስ 4 ጥሳለች አለ። እንዴት ነው ነገሩ? አንደኛው ኮሚሽን ባድመ የኤርትራ ናት ይላል፤ ሁለተኛው ኤርትራ ባድመን መያዟ ሕገ ወጥ ነው ይላል። ቅራኔ የለበትም። ቻርተሩ የሚከለክለው በኃይል መጠቀምን ነው፤ መሬቱ በኋላ የማን ሆኖ ይገኛል የሚለው ለዚያ ጥያቄ መልስ አይሆንም። ሌላው መንግሥት በሰላም እያስተዳደረው ያለን ቦታ "የእኔ ነው" ብሎ በታንክ መግባት ራስን መከላከል ሊባል አይችልም፤ ቢባል ኖሮ በዓለም ላይ ያለ የወሰን ክርክር ሁሉ የጦርነት ፈቃድ በሆነ። በሉዓላዊነት ጥያቄ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። መብት አለኝ ማለትና መብቴን በኃይል ላስከብር ማለት ለየብቻ የሚመዘኑ ናቸው። ካሳውም በነሐሴ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ተወሰነ፤ ለኢትዮጵያ 174,036,520 ዶላር፣ ለኤርትራ 161,455,000 ዶላርና በግል ለቀረቡ ተበዳዮች 2,065,865 ዶላር። ልዩነቱ ከ11 ሚሊዮን ዶላር በታች ነው፤ ለዚያ ሁሉ ጥፋት።

የድንበር ኮሚሽኑ በበኩሉ ቀያሾቹ መሬት ላይ እንዳይወጡ ሲከለከሉ፣ ኅዳር 18 ቀን 1999 ዓ.ም. የምልክት ቦታዎቹን ሁሉ በመጋጠሚያ ቁጥር ዘርዝሮ አወጣ። በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተስማማችሁ ወሰኑ በእነዚህ ነጥቦች እንደተካለለ ይቆጠራል አለ፤ ኅዳር 20 ቀን 2000 ዓ.ም. ጊዜው አለቀ፣ ኮሚሽኑም ሥራው ተጠናቀቀ። ኤርትራ ተቀበለችው። ኢትዮጵያ በወረቀት ላይ ማካለል የሚባል ሕግ የለም ስትል ውድቅ አደረገችው። በሙያ ረገድ ነጥቦቹ ትክክለኛ ናቸው፤ ማንም ሰው ዛሬ በጂፒኤስ ሊቆምባቸው ይችላል። ድንጋይ ግን አልተተከለም።

ጦርነትም ሰላምም የሌለበት ዘመን ለሁለቱ መንግሥታት ውስጣዊ ሥርዓት የሠራው ነገር ከወሰኑ በላይ ከባድ ነው። ኤርትራ ውስጥ በሕግ 18 ወር የነበረው ብሔራዊ አገልግሎት መጨረሻው የማይታወቅ ሆነ፤ በ1989 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ፤ ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ "መሬታችን ተይዟል" ነበር። ኢትዮጵያ የአሰብን በር አጥታ በጅቡቲ ወደብ ላይ ተንጠለጠለች፤ በሰሜኑ ድንበር ሠራዊቷን አስቀምጣ ኖረች። ያልተተከለ ምልክት ለሁለቱም የጸጥታ ሰበብ ሆኖ አገለገለ፤ ሰበቡ የሚጠቅመው ሰው ደግሞ ምልክቱ እንዲተከል አይቸኩልም።

ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ ውሳኔውን ያለ ቅድመ ሁኔታ እንደሚቀበል አስታወቀ። ሐምሌ 2 አስመራ ላይ የተፈረመው የጋራ መግለጫ የድንበሩ ውሳኔ ተግባራዊ ይሆናል ይላል። በመስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቡሬና በዛላምበሳ መንገዱ ተከፈተ፤ ዛላምበሳ ላይ ከአራት ወር ሳይሞላ ተዘጋ። መግለጫው ማን ከየት ቦታ በየትኛው ቀን ይወጣል፣ ሕዝቡ በየትኛው አገር መታወቂያ ይኖራል፣ የኢሮብና የባድመ ነዋሪ ቅሬታ ለማን ይቀርባል የሚለውን አልያዘም። በ1993 ዓ.ም. የጎደለው በ2010ም ጎደለ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የትግራይ ጦርነት ሲነሳ የኤርትራ ጦር ድንበር ተሻግሮ ገባ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በመጋቢት ወር ይህን አመኑ። አከራካሪው መሬት በዚያ ጊዜ እጅ የቀየረው በኮሚሽኑ ቀያሾች ፊት ሳይሆን በጦርነት ውስጥ ነው። በመመሪያው መሠረት መንደር ለሁለት ሲከፈል መስመሩን ለማዛወር የሚቀርበው የጋራ ጥያቄም ቀርቦ አያውቅም።